እጄን ያላወጣሁት ተቃዋሚ ሆኜ አይደለም!

መቼስ እኛ አገር እጅ ማውጣት ቀልድ አይደለም። በደርግ ዘመን ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ያወጣነው እጅ፣ በኢሕአዴግ ዘመን ግምገማ ላይ ያወጣነው እጅ፣ ከዚያም ወዲህ ያወጣነው ሁሉ ቢደመር አንድ ትልቅ ጫካ ይወጣዋል። እኔም የዚሁ ጫካ አንድ ዛፍ ሆኜ ነው ዕድሜዬን የገፋሁት። ታዲያ በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ በሰፈራችን በተጠራ ስብሰባ ላይ መድረክ መሪው «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ!» ሲሉ አዳራሹ በእጅ ሲሞላ የኔ እጅ ጭኔ ላይ ቀረ። «የምትቃወሙስ?» ቢሉም አልወጣም። «ድምፅ ተአቅቦ?» ቢሉም አልወጣም። ቆጠራው አንድ ሰው ጎደለበት!

ከጎኔ የተቀመጡት ጎረቤቴ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝና «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ምን አስበው ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ። እኔ ምንም አላሰብኩም። የጎሰሙት የታመመውን ትከሻዬን ስለነበር የማስበው ጩኸቴን እንዴት እንደምውጠው ብቻ ነበር። «ግራ እጅህስ የት ሄዶ ነው?» የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። ግራው ቀኙን ደግፎ ይዞ ነበር።

ውድ አንባብያን! ዛሬ የምጽፈው ስለ ፓርቲ ወይም ስለ ምርጫ አይደለም፤ ስለ ትከሻ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ወሬ ነው?» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት እስቲ ቀኝ እጃችሁን ወደ ኋላ ኪሳችሁ ላኩት። ከገባ እግዚአብሔርን አመስግኑና ቀጥሉ። ካልገባ ግን ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

የኔ ነገር የጀመረው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ቦርድ ላይ ቀን ስጽፍ ትከሻዬን ቆንጠጥ አደረገኝ። መምህር ነኝና «ጠመኔ ያመጣው ድካም ነው» ብዬ ናቅሁት። እሱ ግን አልናቀኝም። ኅዳር ላይ ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፌ ያባንነኝ ጀመር። በቀኝ ጎኔ መተኛት ቀረ። ታኅሣሥ ላይ ኮት መልበስ ቀረ፤ ባለቤቴ እንደ ሕፃን ልጅ እጄን እያስገባች ታለብሰኝ ጀመር። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲለኝ የኋላ ኪሴ ለኔ ጎንደር ሆነብኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው «ወንድሜ፣ እባክህ ከኪሴ ብር አውጣልኝ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ሰውየውም እንዴት እንደሚያይህ ያየ ያውቀዋል። ጥር ላይ ከቦርዱ ላይኛው ግማሽ ተሰናበትኩ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እዚያ ታች የጻፉት አይታየንም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። እኔ ግን በሽታዬን አልደበቅኩም፤ ለሰማ ሁሉ ነግሬያለሁ። የሰማ ሁሉም ሐኪም ሆነልኝ። አንዱ «ብርድ ነው» አለኝ። ሌላው «ምች ነው» አለ። ሦስተኛው «ነርቭ ነው፤ ዋ! እንዳትነካካው» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ፌጦ ታሸሁ፤ ትከሻዬ ሸተተ እንጂ አልተፍታታም። ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ጠግኖ ስንቱን አቁሟልና አልንቅም፤ ነገር ግን ያን ዕለት «ወልቋል» ተብዬ የተጎተትኩት መጎተት ለሁለት ሳምንት ጣራ ሲያስቆጥረኝ ከረመ። ያልወለቀን ትከሻ መመለስ የት አገር ያለ ሕክምና ነው?

ከዚያ ወደ «ዘመናዊው» ዞርኩ። አንድ ክሊኒክ መቀመጫዬ ላይ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጋኝና ሸኘኝ። ሲመለስብኝ ተመለስኩ፤ ደግሞ ወጋኝ። ሌላው ራጅ አነሳኝና «አጥንትዎ ንጹሕ ነው፤ ምንም የለብዎትም» አለኝ። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ ሱሪዬን ማን ነው የሚያስታጥቀኝ? ሦስተኛው «ከአንገት ነው» ብሎ ለአንገቴ ኤም.አር.አይ አዘዘልኝ፤ ከደመወዜ የተረፈው ቤት ኪራዩን አልሞላም። ስምንት ወር ሙሉ ገንዘቤን የከሰከስኩት ለሕክምና አልነበረም። ለግምት ነው የከፈልኩት! ከነዚህ ሁሉ ሰዎች አንዱ እንኳ ክንዴን ይዞ ወዲያ ወዲህ አላዞረውም።

በመጨረሻ ሰኔ ላይ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተራ ደረሰኝ። የገባሁት የተማሪዎቼ እኩያ የምትሆን አንዲት ወጣት ሐኪም ዘንድ ነው። «መምህር፣ ክርንዎን ከጎንዎ ጋር ያጣብቁና መዳፍዎን ወደ ውጭ ያዙሩት» አለችኝ። ግራዬ እንደ በር ተከፈተ። ቀኜ ግን ንቅንቅ አላለም። ቀጥላ ራሷ ይዛ ልታዞረው ሞከረች። እዚያው ላይ ቆመ። «አዩት? እርስዎ ሲያዞሩትም እኔ ሳዞረውም እኩል ነው የሚቆመው። የጅማት መቀደድ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ባይችሉ እንኳ እኔ አዞረው ነበር። ራጁም ንጹሕ ነው። ይሄ ፍሮዝን ሾልደር ነው» አለችኝ። ምርመራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። መሣሪያም ኮምፒውተርም አልጠየቀም፤ ሁለት እጅ ብቻ! ወይ ስምንት ወር!

ስሙ ቃል በቃል «የቀዘቀዘ ትከሻ» ማለት ነውና «ብርድ ነው» ያሉኝ ሁሉ ደስ ይበላቸው። ግን ከብርድ ጋር ዝምድና የለውም። የትከሻን መገጣጠሚያ የሚሸፍን አንድ ስስ ከረጢት አለ። ይህ ከረጢት በመጀመሪያ ይቆጣል፤ ከዚያ ይወፍርና ዝናብ መትቶት ፀሐይ ላይ እንደ ደረቀ ቆዳ ይኮማተራል። ክንድም ውስጡ ታስሮ ይቀራል። በሽታው አዲስ አይደለም። ዱፕሌ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1872 ስለዚሁ ዓይነት ትከሻ ጽፏል። ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያወጣለት አሜሪካዊው ኮድማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1934። እሱም ቢሆን ይህን በሽታ መግለጹም ማከሙም አስቸጋሪ መሆኑን አልደበቀም።

በሽታው በሦስት ወቅት ይሄዳል። መጀመሪያ ሕመሙ የሚበረታበትና ትከሻው እየታሰረ የሚሄድበት ነው። ቀጥሎ ሕመሙ ቀነስ ይላል፤ ትከሻው ግን እንደ ታሰረ ይቆያል። በመጨረሻ ቀስ በቀስ ይፈታል። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። የሚይዘው በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ያለውን ሰው ነው፤ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ተሰብሮ ለረጅም ጊዜ የታሰረ ክንድ፣ ከስትሮክ ወይም ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሳይንቀሳቀስ የከረመ ክንድም ለዚህ ይጋለጣል። ዋናው ግን የስኳር በሽታ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ከሌላው እጅግ በበለጠ ይያዛል፣ ሲይዘውም ይጠናበታል።

ወጣቷ ሐኪምም ይህን ታውቃለችና «መምህር፣ ስኳርዎን ተለክተው ያውቃሉ?» አለችኝ። ተለክቼ አላውቅም። ተለካሁ፤ ተገኘብኝ። እንግዲህ አስቡት ጎበዝ! ትከሻዬ ስምንት ወር ሙሉ «ደምህን አስመርምር» እያለ ሲጮህ እኔ ፌጦ ስቀባው ነበር። ያ ሁሉ ክሊኒክ መርፌ ሲወጋኝ አንድ ጠብታ ደም ከጣቴ ቢወስድ ምን ነበረበት?

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ሕመሙ በሚበረታበት በመጀመሪያው ወቅት ሐኪም በቀጥታ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ ለሳምንታትና ለወራት ሕመሙን ያስታግሳል፤ ቶሎ ሲሆን የበለጠ ይጠቅማል። መቀመጫ ላይ ከሚወጋው ጋር አታምታቱት። ስኳር ያለበት ሰው ግን ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ከፍ ሊል ስለሚችል አስቀድሞ መናገርና በቅርብ መለካት አለበት። ከመርፌው ጋር ረጋ ያለ እንቅስቃሴ፣ ሕመሙ ሲቀንስ ደግሞ ጠንከር ያለ የፊዚዮቴራፒ ማሳሳብ ይከተላል። በሕመሙ ወራት በጉልበት መጎተት ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ይህ ሁሉ ሆኖ አልፈታ ሲል በማደንዘዣ አስተኝቶ ማላቀቅ ወይም በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ከረጢቱን መቁረጥ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በእንግሊዝ አገር 35 ሆስፒታሎች ውስጥ 503 ሕሙማንን ይዞ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሦስቱን አነጻጽሯል፤ ፊዚዮቴራፒ ከስቴሮይድ መርፌ ጋር፣ በማደንዘዣ ማላቀቅና ቀዶ ሕክምና። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ አንዱ ከሌላው ይህን ያህል በልጦ አልተገኘም። ይህ ምን ማለት ነው? ሀብታሙ አገር በውድ መሣሪያ የሚያገኘው ውጤት አንድ ብልቃጥ መድኃኒት፣ አንድ የሠለጠነ እጅና ትዕግሥት ካላቸው ሰዎች ብዙም አይርቅም ማለት ነው። «ድሆች ነን፣ አቅም የለንም» የሚለው ዘፈን እዚህ ቦታ አይሠራም! የጎደለን ሕመምተኛውን በእጅ የመንካት ልማድ ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ከትከሻው በላይ እንጀራው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢበዛ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር በባዶ። በሽታው ሁለት ዓመት፣ ፈቃዱ ስድስት ወር! የምሠራበት የግል ትምህርት ቤት ኃላፊ «መምህር፣ ቦርድ ላይ መጻፍ ካልቻሉ ምን እናድርግልዎ?» ብለውኛል። ደግነቱ አንዲት ተማሪ ተነሥታ «እርስዎ ይንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን» አለች፤ እንጀራዬን ያቆየችልኝ ያቺ ልጅ ናት። ለመሆኑ ለፀጉር ሠሪዋ፣ ለእንጀራ ጋጋሪዋ፣ ለቀን ሠራተኛው ማን ይጽፍላቸዋል? የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ግን ዓመት ካመት ሲገፋ እኛም ከኪሳችን ስንከፍል ኖርን።

እንግዲህ የኔ ጥያቄ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ይገንባልኝ የሚል አይደለም። አንደኛ፣ ትከሻዬን አመመኝ ብሎ ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው ሁሉ ክንዱ ይዙርለት፣ ስኳሩም ይለካለት። ሁለተኛ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የሚያሠለጥናቸው ፊዚዮቴራፒስቶች በትላልቅ ሆስፒታል ብቻ እንዳይታጠሩ ጤና ጣቢያ ድረስ ይውረዱ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋና አንድ ገመድ ነው። ሦስተኛ፣ አሠሪዎች ሆይ! ክንዱ የታሰረ ሰው ጭንቅላቱ አልታሰረም፤ ለሁለት ዓመት የሚሠራውን ሥራ ቀይሩለት እንጂ አታባርሩት።

ለአንባቢም አንድ ቃል አለኝ። የትከሻ ሕመም ሁሉ ይኸው በሽታ አይደለም። ወድቃችሁ ከሆነ፣ ትኩሳትና እብጠት ካለው፣ ክንዳችሁ በድንገት ከሰነፈ፣ ወይም ሕመሙ ከደረት ጋር ከመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

እኔ መርፌውን ተወጋሁ፤ ስኳሬን ያዝኩ፤ ከበር ላይ ባሰርኩት ገመድ በግራዬ እየጎተትኩ ቀኜን ጠዋትና ማታ አሠራሁት። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ጋቢዬን ራሴ ትከሻዬ ላይ ጣልኩ። ባለቤቴ አለቀሰች፤ እኔም ሳቅሁ ልበል እንጂ እውነቱን እሷ ታውቀዋለች። ወደ ኋላ ኪሴ ገና እቸገራለሁ፤ ቦርዱን ግን እስከ ላይ እሞላዋለሁ።

ባለፈው ደግሞ እዚያው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ጎረቤቴ ከጎኔ ተቀምጠው እጄን እጄን ያያሉ። «የምትደግፉ» ሲባል አላወጣሁም። «የምትቃወሙ» ሲባልም አላወጣሁም። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ግን ቀጥ አድርጌ አወጣሁት። የጠየቅሁትም «ጤና ጣቢያችን ፊዚዮቴራፒ የሚኖረው መቼ ነው?» ብዬ ነው። «ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን» ተባልኩ።

የሚመለከተው አካል ትከሻውን አይመመው!

ከጠመኔ ያዡ፣ አዲስ አበባ