ትዳርን በወረቀት ስለ ማስመስከር

በኢሉባቦር፣ በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በያዮም ሆነ በሁሩሙ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ታስሮ፣ በካህን ቡራኬ ወይም በኒካሕ፣ አለዚያም በአባቶች ልማድ የተፈጸመ ጋብቻ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ በልቶና ጠጥቶ የመሰከረው ነገር ስለ ሆነ፣ ባልና ሚስቱ አንድ ቀን «በእውነት ተጋብታችኋልን?» ተብለው ይጠየቃሉ ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ዳሩ ግን ከሁለቱ አንዱ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ሌላውን ለመውሰድ ባመለከተ ጊዜ፣ ይኸው ጥያቄ ሰፈሩንም ሽማግሌዎቹንም ከማያውቅ ሹም አንደበት፣ አዲስ አበባ በሚገኝ የቆንስላ መስኮት ላይ ይመጣል።

ሹሙ ያለ ምክንያት አይጠይቅም። የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1986 እ.ኤ.አ. በሐሰተኛ ጋብቻ ላይ ባወጣው ሕግ፣ ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሚገባ ባል ወይም ሚስት የሚያገኘው የመኖሪያ ፈቃድ ለሁለት ዓመት ብቻ የሚጸናና በገደብ የተሰጠ እንዲሆን ደንግጓል፤ የኢሚግሬሽንን ሕግ ለማታለል ሲል የተጋባም እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ይጠብቀዋል። የካናዳም ደንብ ቢሆን ጋብቻው እውነተኛ መሆኑንና በዋናነት ለመግቢያ ፈቃድ ሲባል ያልተፈጸመ መሆኑን ይመረምራል።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በልማድ የሚፈጸሙትን ሦስቱን ጋብቻዎች በእኩልነት ከተቀበለ በኋላ፣ የጋብቻ ወረቀት ያልተገኘ እንደ ሆነ፣ ሁለቱ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ቆጥረው መኖራቸውን፣ ቤተ ዘመዱና ጎረቤቱም እንዲሁ አድርጎ የሚያያቸው መሆኑን በምስክር ማስረዳት ይቻላል ብሎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ሐሳብ ጠብቆ አቆይቶታል። እንግዲህ የአገራችን ዳኛና የባዕዱ ቆንስል የሚሹት ነገር በመንፈሱ አንድ ሲሆን፣ የሚለያዩት በምስክሩ ዓይነት ነው። የመቱ ዳኛ ሽማግሌውን አስምሎ ቃሉን ይቀበላል፤ ቆንስሉ ግን ሽማግሌውን ከፊቱ ሊያቆም ስለማይችል፣ ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ነገር ይጠይቃል።

የኢሉባቦር ትዳር የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። የባሕር ማዶው ሹም አስቀድሞ የሚፈልገው በሁለቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብና በሁለቱ ስም የተፈረመ የቤት ኪራይ ውል ሲሆን፣ ሙሽራይቱ ግን የምትኖረው በአማቷ ግቢ፣ ከቡናው ማሳ ዳር ነውና፣ ቤቱም ማሳውም የመብራቱ ሒሳብ እንኳ በአማቷ ስም የተጻፈ ነው። ስሟም ከባሏ ስም ጋር አይገጥምም፤ በአገራችን ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትጠራለችና። ይህ ሁሉ በአንዲት አጭር ደብዳቤ ሊብራራ ይችላል። የማይብራራው ሌላ ነው፦ ባልየው በየወሩ የሚልከው ገንዘብ፣ ምንዛሪው ጥቂት ይበልጣል ተብሎ በጥቁር ገበያ፣ በሰው እጅ ሲመጣ ይኖርና፣ ሚስቱን ለዓመታት ሳያቋርጥ ሲረዳ የኖረ ሰው በመጨረሻ አንዲት ደረሰኝ የማያሳይ ሆኖ ይገኛል። በእኔ አስተያየት በዚያች ጥቂት ትርፍ ከተገኘው ጥቅም የጠፋው ማስረጃ ይበልጣል።

የዘመን ቆጠራውም ብዙ ሰው ያሰናክላል። ጥር 21 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ በሥርዓተ ተክሊል የተጋቡ ሰዎች ቀኑን 21/05/2009 ብለው በአኃዝ ቢያስጽፉት፣ ፈረንጅ የሚያነበው ሜይ 21 ቀን 2009 ነው፤ እውነተኛው ቀን ግን ጃንዩወሪ 29 ቀን 2017 ነበር። ሌላው ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ የሚጨመረውን ሰባት ዓመት በጥር ላይ ጨምሮ 2016 ብሎ ይጽፍና፣ ሙሽሮቹን ሳይተዋወቁ ያጋባቸዋል። ወሩን የሳተም ሠርጉን በዐቢይ ጾም ውስጥ ይጥለዋል፤ በቆንስላው ውስጥ ደግሞ ጾሙን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ አይታጣም።

ውጭ አገር ያለው ወገን ሳይመጣ በውክልና ብቻ መጋባትም ክፉ ምክር ነው። የፌዴራሉ ሕግ ይህን የሚቀበለው በልዩ ፈቃድ ብቻ ሲሆን፣ የአሜሪካው የኢሚግሬሽን ሕግም ከሥርዓቱ በኋላ በሩካቤ ያልጸናውን እንደ ጋብቻ አይቆጥረውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የደላላው አልበም ነው። በኪራይ ሱፍና በኪራይ ቬሎ፣ በአንድ ስቱዲዮ መጋረጃ ፊት የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ስሙ ብቻ ተለውጦ ከዐሥር ጎረቤት የመጣ አንድ ዓይነት የምስክርነት ደብዳቤ፤ ሹሙ ይህን ሲያይ የሚውል ሰው ነው። ይበልጥ የሚያስቆጨው፣ በእውነት የተጋቡት ሰዎች የራሳቸው ሠርግ ድሀ መስሎ ስለሚታያቸው፣ እውነቱን በዚህ ሐሰት ለማስጌጥ መነሣታቸው ነው። በሐሰት ሰነድ ፈቃድ ለማግኘት የሞከረ ሰው ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚያግድ ድንጋጌ እንዳለ ደላላው አይነግራቸውም። በድንኳን ሥር፣ በጭቃ ላይ በተጎዘጎዘ ቄጠማ፣ ከሽማግሌዎቹና ከሚዜዎቹ ጋር የተነሣች፣ የሰዎቹ ስምና ዝምድና በጀርባዋ የተጻፈባት አንዲት ደብዛዛ ፎቶግራፍ ከዚያ አልበም ሁሉ ትበልጣለች፤ የስልኩም ንግግር መዝገብ ሺህ ገጽ ሆኖ ከሚከመር፣ ከየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ገጽ ተመርጦ፣ ከጉዞ ቲኬቱና ከፓስፖርቱ ማኅተም ጋር በቀናቱ ቅደም ተከተል ቢቀርብና በእንግሊዝኛ ትርጉም ቢታገዝ፣ ትዳሩ እንዴት እንደ ጀመረና እንዴት እንደ ቀጠለ ራሱ ይናገራል።

ስለዚህ የአድባራቱ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎችና የመስጊድ ኢማሞች የጋብቻውን ወረቀት በዕለቱ እንድትሰጡ፣ ወሩንም በአኃዝ ሳይሆን በስሙ እንድትጽፉ እለምናለሁ። ሙሽሮችም፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በየቀበሌው አለላችሁና፣ ሕጉ የወሰነው ጊዜ ሳያልፍ ተመዝገቡ፤ ውጭ አገር የመሄድ ሐሳብ ባይኖራችሁም ተመዝገቡ።