በአንድ ክረምት የወጡ ሁለት ሕጎች

በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ እንደራሴ ተነሥቶ ስለ ሐኪም ቤት ሲጠይቅ መልሱን የሚሰጠው የጤና ሚኒስትሩ ነው። ሌላው ተነሥቶ ስለ ኑሮ ውድነት ሲጠይቅ መልሱ ከገንዘብ ወይም ከንግድ ሚኒስትሩ ይመጣል። እንዲህ ሆኖ ጥያቄው ለሁለት ይከፈላል፤ መልሱም እንደዚያው ተከፍሎ ይቀራል። በመካነ ሰላም ግን ሁለቱም የሚከፈሉት ከአንድ ኪስ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናመለክት የምንወደው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ስለ ጤናና ስለ ኑሮ በምክር ቤት የሚነገረው ቃል ፍሬ የሚያጣው ተናጋሪ ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ ጥያቄ ለሁለት ስለ ተቆረጠ ጭምር ነው።

መካነ ሰላም በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ሐኪም ቤት አላት፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም አንደኛው ግቢ በዚያ ይገኛል። ነገር ግን ሕመሙ ከበድ ያለ እንደ ሆነ ሐኪሙ በሽተኛውን ወደ ደሴ ይመራዋል። ደሴ በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሽተኛም ብቻውን አይሄድም፤ አስታማሚ ያስፈልገዋል። የሁለት ሰው መሳፈሪያ፣ የአስታማሚው ማደሪያና ምግብ፣ በሐኪም ቤቱ የታጣውም መድኃኒት ከውጭ የሚገዛበት ገንዘብ ሲደመር፣ የሕክምናው ክፍያ ራሱ ከሁሉ ያነሰ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሐኪም ቤት ሲዘረፍና መሣሪያው ሲበላሽ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲቋረጥ፣ ይህ ሒሳብ ምን ያህል እንደ ከበደ መገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ እንመለስ። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ከወጡት አዋጆች መካከል ሁለቱ በቁጥር ጎረቤታሞች ናቸው። ቁጥር 685 የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ሲሆን፣ መንግሥት በመሠረታዊ ዕቃዎች ላይ ዋጋ ይወስን ዘንድ በር ከፈተ። ቁጥር 690 ደግሞ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ነው፤ ደመወዝተኛው ከደመወዙ ጥቂት እያዋጣ፣ አሠሪውም በበኩሉ እየጨመረ፣ ሠራተኛው ከነቤተሰቡ በታመመ ጊዜ የሚታከምበትን ሥርዓት ያቋቁማል። አንደኛው ለኑሮ፣ ሁለተኛው ለጤና የተወለዱ መንትዮች ናቸው ቢባል ያስኬዳል።

ዕድላቸው ግን ለየቅል ሆነ። የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላው ሥራ ላይ ዋለ። በጥር 2003 ዓ.ም. በሥጋ፣ በዳቦ፣ በዘይት፣ በስኳርና በመሳሰሉት ላይ የዋጋ ጣሪያ ተደነገገ። አንዳንዱም ዕቃ ከመደብር ሸሸ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው በብዙዎቹ ላይ ተነሣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የዋጋ ንረቱ 40 በመቶ ደረሰ። ሁለተኛው ሕግ ግን ተኛ።

እነዚህን ሕጎች የመከታተል ዕዳ የወደቀው በመስከረም 2003 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው አራተኛው ምክር ቤት ላይ ነበር። ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ይዘው፣ የቀሩት ሁለቱ አንዱ የመድረኩ እንደራሴ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ሌላው በግል ተወዳድረው የተመረጡት ሐኪሙ ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያወራው ስለ አቶ ግርማ ብቸኝነት ነው። እውነትም አንድ እጅ በ547 መካከል ሕግ አያስቀርም። እኛን ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 እንደራሴው ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ሲል የሚናገረው ለ545ቱም ጭምር ነው። ያወጣነው ሕግ ለምን አልተፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ ተቃዋሚ መሆን አያስፈልግም።

ሕጉ የተኛው በምክር ቤቱ ዝምታ ብቻ ነው ለማለት ግን አንደፍርም። መዋጮው ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪውም 3 በመቶ እንዲሆን ተወስኖ ሊጀመር ሲል ደመወዝተኛው አጉረመረመ። የሚጀመርበትም ቀን ከዓመት ወደ ዓመት እየተላለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። ማጉረምረሙስ አግባብ አልነበረውምን? (እኛም ደመወዝተኞች ነንና ወደ ራሳችን ብናደላ አንባቢ ይታገሠን።) በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በዚህ በአዲሱ እንኳ ብናሰላው፣ ለጡረታ 7 በመቶ ማለት 420 ብር ይቀነሳል፤ ግብሩም ይቀነሳል፤ የጤና መድኑ 3 በመቶ ሲጨመርበት ሌላ 180 ብር ይሄዳል። ለሕክምና ከሆነ 180 ብር ብዙ አይደለም። የቤት ኪራይ ከፍሎ የወሩን መጨረሻ በጣቱ ለሚቆጥር ሰው ግን ብዙ ነው። ይህ ሰው መድንን የጠላ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያዋጣ ከርሞ በሚያስፈልገው ዕለት መድኃኒቱ የለም እንዳይባል የፈራ ነው እንጂ።

ደመወዝተኛው ሲያቅማማ ገበሬው ቀደመው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከነዚያ አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። ከዚያ በኋላ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፋ። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ ምንም ለሌለው ድሃ መንግሥት ይከፍልለታል። እነሆ የገበሬውን ስም እየመዘገበ የመድኑን ደብተር የሚያድለው ወጣት ሹም፣ የገዛ ልጁ በታመመበት ቀን ደብተር የሌለው እርሱ ሆኖ ተገኘ።

ጋና በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ2003 የጤና መድን ሕግ ስታወጣ መንገዷ ሌላ ነበር። ደመወዝተኛው ቀድሞ ለጡረታ ዋስትና ከሚገባለት መዋጮ ላይ የደመወዙን 2.5 በመቶ ያህል ወደ መድኑ አዛወረች፤ በዕቃና በአገልግሎት ላይም 2.5 በመቶ ቀረጥ ጨመረች። ይህም ነቀፋ አላጣውም፤ የዕቃ ቀረጥ ድሃውንም ይነካልና። የሆነ ሆኖ የጤናውን ገንዘብ ሲፈልጉ የኑሮውን ሒሳብ አብረው ተመልክተዋል።

በእኛም አገር ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ አፍ ሊነገሩ የሚገባቸው ዕለታት አልጠፉም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ መድኃኒታችን አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነውና፣ ጉዳዩ የባንክ ብቻ ሳይሆን የመድኃኒት ቤትም ነበር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ማነስ የተነሣ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ፣ የኑሮው ጥያቄ ነጭ ካፖርት ለብሶ መጣ። ከሁለት ወር በኋላም በሐምሌ ምክር ቤቱ የገቢ ግብር አዋጁን አሻሽሎ ግብር የማይከፈልበትን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው። ከግብር የሚተወውንና ለመድን የሚዋጣውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም።

ስለ መካነ ሰላሙ በሽተኛ ደግሞ አንድ ነገር ቀርቶናል። የመድን ደብተር ያለው ገበሬ እንኳ የሚከፈልለት የሕክምናው ዋጋ ነው፤ የመሳፈሪያውና የአስታማሚው ማደሪያ ከራሱ ነው። እስቲ አንድ እንደራሴ ይህንኑ ሊጠይቅ እጁን አወጣ እንበል። የጤና ሚኒስትሩ አውቶቡስ አያሰማሩም፤ የትራንስፖርቱ ሚኒስትር በሽተኛ አይቆጥሩም፤ የንግዱም የደሴን የመኝታ ዋጋ አይወስኑም። አፈ ጉባኤው ጥያቄውን ለማን ይመሩታል?