ሮልስ ሮይሱ ለምን ይኑር?

ሰሞኑን አዲስ አበባ ደርሼ ሐይቅ ተመልሻለሁ። ሙዚየም የሆነውን ብሔራዊ ቤተ መንግሥትም ጎበኘሁ። ብዙ የቆምኩት የጃንሆይ መኪኖች ዘንድ ነው። ሰዉ ሮልስ ሮይሱ ፊት ፎቶ ይነሳል። እኔ ዝም ብዬ አየሁት።

መኪናው ያምራል፣ አልዋሽም። በዚያ ዘመን ፋብሪካው ሞተሩንና ሻንሲውን ይሠራል፤ ቦዲውን ደግሞ ሌሎች ባለሙያዎች በገዢው ትእዛዝ በእጅ ይቀርጹታል። ስለዚህ አንዱ ከሌላው ቁርጥ አንድ ዓይነት አይሆንም። እንዲህ ያለ ነገር ከጠፋ ጠፋ ነው።

ግን የወሎ ሰው ነኝ። መኪናውን ሳይ የ1965ና የ66ቱ ረሀብ ትዝ አለኝ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢ የረሀብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀላቅሎ ታየ። በማግስቱ ጃንሆይ ከዚሁ ግቢ በቮልስ ተወሰዱ። ሮልስ ሮይሶቹ ቀሩ።

አንዳንዱ «ታዲያ ይሄን ማቆየት ምን ይጠቅማል?» ይላል። ለቆራሌው ቢሰጥ ግን የሞቱት አይነሱም፤ የሚጠፋው ማስረጃው ነው። በቃል ብቻ የቀረ ነገር «ውሸት ነው» ይባላል። ብረቱ ከቆመ ግን ልጅ አባቱን ይጠይቃል።

እኛ ሐይቆች ይሄን ልንረዳ ይገባል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ያስጻፉት ወንጌል ዛሬም እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ማን እንዳስጻፈውና ለማን እንደሰጠው እዚያው ውስጥ ተጽፏል። አባቶች ዕቃውን ከነታሪኩ ነው ያቆዩት።

መኪናውም እንደዚያ ይሁን ነው የምለው። ከጎኑ ውበቱም ይጻፍ፣ የወሎም ረሀብ ይጻፍ። መኪና ዝም ብሎ ቢቆም ጎማው ይደርቃል፣ ወንበሩን አይጥ ይበላዋል። እንግዲህ በየዘመኑ አቧራውን የጠረጉ፣ በሩን የቆለፉ መካኒኮችና ዘበኞች ስማቸው ይመዝገብ። ያኔ ወጣት የነበረ ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ ሳይረፍድ ይጠየቅ።

ከእናንተ መሀል አባቱ ወይም አያቱ በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ሾፌር ወይም መካኒክ የነበረ ካለ፣ ዛሬውኑ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁልኝ። በስልካችሁ ቅዱት። ከዚያ እዚህ ንገሩኝ።