ማስታንጉ ይቅር፣ ታሪኩ ይምጣ

ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የሚኖር የይፋት ልጅ ያገለገለ ፎርድ ማስታንግ ሲገዛ ፎቶው ሸዋ ሮቢት ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ከዚያ ጥያቄው ይጎርፋል። ስንት ገዛኸው? ወደዚህ ማስገባት አይቻልም?

አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ሰባት ዓመት ባለፈው፣ ትልቅ ሞተር ባለው መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ፣ ባለ አምስት ሊትሩ ማስታንግ በሁለቱም በር አያልፍም። (የሚገርመው ማስታንግ ለገበያ የቀረበው በሚያዝያ 1956 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያ በቀኝ መንዳት የጀመረችው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ። መሪው እንኳ ለእኛ መንገድ የተመቸ ነበር።)

ቢገባስ? ሆዱ ከመሬት ከፍ የሚለው ከስንዝር ያነሰ ነው። ስለዚህ መኪናው ባይመጣ ብዙም አያስቆጭም። የሚያስቆጨው ሌላ ነው።

ያ ልጅ ዶላሩን ከመክፈሉ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን አስገብቶ የመኪናውን ታሪክ ያወጣል። ስንት ባለቤት እንደቀያየረ፣ ተጋጭቶ እንደሆነ፣ ኢንሹራንስ “አይጠገንም” ብሎ ጥሎት እንደሆነ፣ በየጊዜው ስንት ማይል ላይ እንደነበረ ያያል። ለስፖርት መኪና ይህ ቀልድ አይደለም፤ ቀድሞ የያዘው ጎማ እያስጮኸ መንዳት የሚወድ ጎረምሳ ሊሆን ይችላል። የማይል ቆጣሪ ወደኋላ መመለስ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የተከለከለ ነው። እርግጥ ሪፖርቱ ሁሉንም አይዝም፤ በጓሮ የተጠገነ ግጭት ያመልጠዋል። ቢሆንም ገዢው በጨለማ አይገዛም።

አሁን ሸዋ ሮቢት ያለውን ወንድሙን ተመልከቱ። ሽንኩርትና ማሾ ሸጦ ያጠራቀመውን ይዞ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። የሚገዛት ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ስትነዳ ኖራ፣ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ የመጣች ልትሆን ትችላለች። ዕድሜዋ ከገዢው ብዙም አያንስም፤ ዋጋዋ ግን ከሚሊዮን ብር በላይ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ሲረክስ አሮጌ መኪና እንደ ቤት ሆኗል፤ እያረጀ ይወደዳል። በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ምንድን ነው? ሊብሬ፣ ቦሎ እና የደላላ መሐላ። “የሴት መኪና ነች፤ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ብቻ ነው የተነዳችው።” ሊብሬው መኪናዋ የማን እንደሆነች ይናገራል፤ ምን እንደደረሰባት አይናገርም።

ጉዳቱ ደግሞ የኪስ ብቻ አይደለም። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ፍሬን ይፈተናል፣ ታች ሲደርሱ የቆላው ሙቀት ራዲያተሩን ይጠብቀዋል። በአዲስ አበባ ብርድ ጸጥ ብላ የሠራች መኪና ሮቢት ላይ ትፈላለች። የተገዛው አባዱላ ከሆነ ደግሞ የተታለለው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ተሳፋሪውም አብሮ ቁልቁል ይወርዳል።

መንግሥት ዕድሜን በግብር ቀጣ፣ ቤንዚኑን ከለከለ። ምክንያት አለው፤ ነዳጅ የሚገዛው በውጭ ምንዛሬ ነው። ግን መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች የትም አይሄዱም፤ ገና ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። መኪና በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ይቀርባል። መርማሪው የዚያን ቀን የቆጣሪውን ኪሎ ሜትር ይመዝግብ። ኢንሹራንስ ካሳ የከፈለበት ከባድ ግጭት ካለም በዚያው መዝገብ ይግባ። ገዢ የሻንሲ ቁጥሩን ሰጥቶ፣ የአገልግሎት ክፍያ ከፍሎ ይየው። አምና 180 ሺህ የነበረ ቆጣሪ ዘንድሮ 90 ሺህ ካሳየ ነገሩን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። “ቦሎ እኮ መኪናው ሳይቀርብም ይወጣል” የሚል ይኖራል። እንዲያ ከሆነ መዝገቡ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በግምት የተጻፈ ቁጥር በሚቀጥለው ዓመት ራሱን ያጋልጣል።

ዛሬ አዲስ ሆነው የሚገቡት ኤሌክትሪክ መኪኖችም ነገ ያገለገሉ ይባላሉ። ባትሪያቸው ምን ያህል እንደደከመ ከውጭ አይታይም። ደላላው ያኔ ስለ ቆጣሪው ሳይሆን ስለ ባትሪው ይምላል።