ሳይለኩ መፍረድ፦ ስለ ማኅበራችን መኪና

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንድ አንባብያን ለመጽሔታችን የማይመጥን ተራ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። የአሮጌ መኪና አለመነሣት ነው። ዳሩ ግን በዚሁ ሰበብ የማኅበራችን ገንዘብ ባክኗል፤ ከዚያም በላይ አንድ ወንድማችን ባልሠራው ጥፋት ተወንጅሏል። ከወነጀሉት መካከል የመጀመሪያው እኔ ስለሆንኩ ጽሑፉ ሂስ ብቻ ሳይሆን ግለሂስም ጭምር ነው።

አንካራ ያለን ሁላችን መኪናይቱን እናውቃታለን። እ.ኤ.አ. በ1983 የተሠራች መርሴዲስ 240 ዲ ስትሆን፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው የሄዱ ወንድሞች ለተተኪዎቻቸው የተዉአት ናት። አዲስ ተማሪ ከአሽቲ የአውቶቡስ ጣቢያ የምትቀበል እሷ፣ የታመመ ወደ ሐኪም የምታደርስ እሷ፣ ለበዓል ድስትና ሰሐን የምታመላልስ እሷ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የእሳት ብልጭታ አይሻም፤ አየሩን ወደ 21 እጥፍ ጨምቆ በዚያው ግለት ናፍጣውን ያቀጣጥላል። የእሷ ሞተር አንዴ ከተነሣ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ሲነሣ ነው፤ ይኸውም የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ለማጋልና ሞተሪኖውን ለማዞር። ችግራችንም የነበረው እዚሁ ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ በቪዛ ምክንያት የዘገዩ ሁለት እህቶች ሌሊት አሽቲ ደረሱ። ሊቀበላቸው የሄደው የሁለተኛ ዓመት የእርሻ ተማሪ የሆነ ወንድማችን ነበር። ብርዱ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ደርሷል። ሻንጣውን ጭነው ቁልፉን ቢያዞር መኪናይቱ እምቢ አለች። ስልክ ደወለልኝና «ወንድሜ፣ ቁልፉን ሳዞረው ጠቅ ይላል እንጂ ሞተሩ አይዞርም፤ መብራቱ ግን ደህና አድርጎ ይበራል» አለኝ። እኔም ከአልጋዬ ሳልነሣ «እነሱን ስትጠብቅ መብራት አብርተህ ረስተህ ባትሪውን ጨርሰሃል» ብዬ ፈረድኩ። «አጥፍቼዋለሁ፤ እርግጠኛ ነኝ» ቢለኝም አልሰማሁትም። ገፍቶ ማስነሣት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ገፊዎቹ ከመንገድ የደከሙ ሁለት ሴቶች፣ መሬቱም በረዶ ነው። እስኪነጋ ጣቢያው ውስጥ ተቀምጠው አደሩ።

ጠዋት አንድ ታክሲ ነጂ ከራሱ ባትሪ በገመድ አስነሣላቸው። ቀዩን ገመድ ከባትሪያችን አዎንታዊ ጫፍ ላይ፣ ጥቁሩን ግን እንደ ደንቡ ከባትሪው ሳይሆን ከሞተሩ ብረት ጋር አያያዘው። ወዲያው ተነሣች። እኛም «አላልንም? ባትሪው ነው!» አልን። በሚቀጥለው ስብሰባ አዲስ ባትሪ እንዲገዛ፣ የዋጋውንም ግማሽ ጥፋተኛው ከስኮላርሺፕ አበሉ እንዲከፍል ተወሰነ። እጄን ካወጡት አንዱ ነኝ። ከፈለ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ስብሰባ መምጣት ተወ።

አዲሱ ባትሪ 12 ቀን ሠራና መኪናይቱ እንደገና ጠቅ ብላ ቀረች። ወደ ሳናዪ ወሰድናት፤ እዚያ በደረሰች ቁጥር ግን ያለ ምንም ችግር ትነሣለች። ኡስታው አታላይ አልነበረም፤ ያላየውን በሽታ ምን ያድርገው? «ሞተሪኖው ሳይሆን አይቀርም» አለን፤ አሳደስነው። በሳምንቱ አሁንም ጠቅ! ይኼኔ ነው አንዳንድ አባላት «ትሸጥና እንገላገል» ማለት የጀመሩት።

በዚያው ወራት የልብ ሕክምና ክፍል ተመድቤ ነበር። ልቤ ድንገት ይመታብኛል የሚል ሰው ይመጣል፤ የልብ ምት ምርመራው ይነሣለታል፤ ወረቀቱ ደህና ነው ይላል። ታዲያ ሰውዬው ዋሽቷል? አልዋሸም። ሆልተር የሚባለውን መሣሪያ 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይዞ ይሄዳል፣ የሚሰማውን ከነሰዓቱ ይጽፋል፤ በሽታውም በመጣበት ጊዜ ይያዛል። ሌላው ደግሞ ተቀምጦ ሲመረመር ጤነኛ ነው፤ ሲሮጥ ግን ደረቱን ይጨምቀዋል፤ እሱን የምንመረምረው እያስሮጥን ነው። ይህን በየቀኑ እየሠራሁ የማኅበራችንን መኪና ግን በግምት ሳክም መክረሜ አሳፈረኝ።

ስለሆነም ደብተር ገዝቼ መኪናይቱ ውስጥ አኖርኩ፤ የነዳ ሁሉ እምቢ ያለችበትን ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩን ሁኔታና የሰማውን ድምፅ እንዲጽፍ ለመንኩ። በ6 ሳምንት 11 ጊዜ ተመዘገበ። በ11ዱም ጊዜ የተጻፈው አንድ ነው፦ ጠቅ አለ፣ አልዞረም፣ መብራቱ አልደከመም። ዞሮ መነሣት ያቃተው አንድም ጊዜ ስለሌለ ካንዴላዎቹ ነፃ ወጡ። ባትሪ ቢደክም ኖሮ ቁልፉ ሲዞር መብራቱ በፈዘዘ ነበር። መብራቱ ደምቆ ሞተሪኖው ካልዞረ ግን ጉልበቱ ባትሪው ውስጥ አለ፤ መንገድ ነው ያጣው። ያ ወንድማችን በዚያ ሌሊት የነገረኝ ይህንኑ ነበር። በሽተኛው ሕመሙን ሲነግረኝ ሳልሰማው ቀረሁ ማለት ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከባትሪው የወጣው ከረንት ሞተሪኖውን አዙሮ በሞተሩ ብረት በኩል ወደ ባትሪው አሉታዊ ጫፍ መመለስ አለበት። ሞተሩ ግን የተቀመጠው ላስቲክ ላይ ነው፤ ላስቲክ ደግሞ ከረንት አያሳልፍም። ስለዚህ ከሥር ከካምቢዮው አጠገብ ከመኪናይቱ አካል ጋር የሚያገናኘው አንድ ወፍራም የመመለሻ ገመድ አለ። የኛን ገመድ የ40 ዓመት ጭቃና ክረምት ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በልቶታል። አንዳንድ ቀን ይነካካል፣ አንዳንድ ቀን አይነካካም። ቆማ ሳለች በቴስተር ኦሙን ቢለኩት ደህና ይመስላል። የናፍጣ ሞተሪኖ ግን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል፤ 300 አምፔር በአንድ መቶኛ ኦም ውስጥ ሲያልፍ 3 ቮልት ይጠፋል። አንድ መቶኛ ኦም ደግሞ ተራ ቴስተር አያየውም። መለካት ያለበት እያስሮጡ ነው።

የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከባትሪው አሉታዊ ምሰሶ፣ ቀዩን ከሞተሩ ብረት ጋር አሰርኩና በረጅም ሽቦ መሪው አጠገብ አደረስኩት። ደህና በተነሣችባቸው ቀናት ቁልፉ ሲዞር 0.3 ቮልት ያህል ያሳያል። በስድስተኛው ቀን፣ ከዝናብ በኋላ፣ ጠቅ አለች፤ ቴስተሩ ከ5 ቮልት በላይ አሳየ። ቁልፉን ሳልነካ ወርጄ ከባትሪው አሉታዊ ጫፍ ወደ ሞተሩ ብረት አንድ የማስነሻ ገመድ ብቻ ዘረጋሁ። ተመልሼ ባዞረው ወዲያው ተነሣች። ያ ታክሲ ነጂም ሳያውቀው ያደረገው ይህንኑ ነው። ጥቁሩን ገመድ ከሞተሩ ብረት ጋር ሲያያይዝ የታመመውን ገመድ ዘሎ ሄደ። እኛ ጉልበት ብቻ ሰጣት አልን፤ እሱ ግን ከጉልበቱ ጋር መመለሻም ሰጥቷታል። ፈውሱ ራሱ አሳሳተን።

ጥገናው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ባትሪውን ፈታን፣ መኪናይቱን በድጋፍ አቆምን (በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት ራስን እንደ መግደል ነው)፣ ብረቱን እስኪያበራ ፈገፈግን፣ አዲስ ገመድ በብሎን አጥብቀን ውሃ እንዳይገባው ግራሶ ቀባነው። የገመዱ ዋጋ ከባትሪውና ከሞተሪኖው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ከዚያ ወዲህ አንድ ሙሉ ክረምት አልፏል፤ በደብተሩ የተጻፈ የለም።

«ሐኪም ልትሆን ተልከህ መካኒክ ሆነህ ልትመለስ ነው?» ያሉኝ አሉ። እጅን ዘይት ማስነካት የሚያዋርድ የሚመስለን እስከ መቼ ነው? ነገ የምመደብበት ጤና ጣቢያ አንዲት ምጥ የያዛት እናት ጭኖ ጠቅ የሚል አምቡላንስ ቢኖረው፣ ነጂውን ከመወንጀሌ በፊት ኮፈኑን መክፈት ብችል አላፍርበትም።

በእኔ አስተያየት ለመኪናይቱ ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ምን ተለካ ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ ከአባል ላይ ገንዘብ ከመቆረጡ በፊትማ ይልቁንም። የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ለዚያ ወንድማችን የባትሪውን ግማሽ ዋጋ መልሶለታል። ይህ ግን በገንዘብ ያዡ ክፍል በጸጥታ የተደረገ ነው፤ የተወነጀለው በጉባኤ ስለሆነ ይቅርታውም በጉባኤ ይሁን፣ እኔም ቆሜ እናገራለሁ ብዬ ጠይቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። እሱን ራሱን ባለፈው ሳምንት ምግብ ቤት አገኘሁትና ለአዲሶቹ ተማሪዎች አቀባበል ቁልፉን እንዲወስድ ለመንኩት። ሰላምታዬን ተቀበለ፤ ቁልፉን ግን አልተቀበለኝም።