የጉለሌ ሸማኔና የከተማ ዕድገት

ከተማ የሚቈረቈርበት ምክንያትና የሚያድግበት ምክንያት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ፥ በፍል ውሃው አጠገብ የቈረቈሯት ዳግማዊ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጂ የባሕር ማዶ ገዥ አልነበረም። ዳሩ ግን ከተማይቱ እንዴት እንደ ሰፋችና ገበያዋ ወዴት እንደ ዞረ ሲመረመር፥ የባዕድ እጅ እንዳለበት የማይካድ ነው።

በዚያው ዘመን በአገሪቱ ዙሪያ ያሉት ወደቦች ሁሉ በባዕዳን እጅ ገብተው ነበር፤ ምጽዋ በኢጣልያ፥ ዘይላና በርበራ በእንግሊዝ፥ ጅቡቲ በፈረንሳይ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ነፃነት ቢከበርም፥ የባሕሩ በር በሌላው እጅ ቀረ። ስለዚህም የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ጥንታዊቱን የንግድ ከተማ ሐረርን ተራራው ስለ ከለከለው ሳይነካት አለፈ፤ በሐዲዱ ዳር ግን ድሬ ዳዋ አዲስ ከተማ ሆና በቀለች። በጎረቤት አገርም ናይሮቢ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆና መጀመሯ ይታወቃል። ቡናና ቆዳ ወጣ፤ አቡጀዲና ሌላው የፋብሪካ ዕቃ ገባ። በዚህ ዓይነት ያደገ ከተማ ከመሥሪያ ቦታነቱ ይልቅ መጋዘንነቱ ያመዝናል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የኢጣልያ ወረራ ደግሞ ሌላ ምልክት ጥሎ ሄደ። ወራሪው ባወጣው ፕላን ነጩንና ያገሩን ተወላጅ በሰፈር ለየ፤ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረውንም ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረ። ፕላኑ ባይፈጸምም ገበያው በዚያው ጸንቶ ቀረ፤ መርካቶ፥ ፒያሳና ካዛንቺስ የሚሉት ስሞችም እስከ ዛሬ የዚያ ጊዜ ምስክሮች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በተለየ መንገድ ያደገ ሰፈር ቢፈለግ ጉለሌ ይገኛል። ከጋሞ ደጋ፥ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሰፍረው የመሠረቱት ኑሮ ከወደብም ከሐዲድም የመጣ አይደለም፤ በድርና በማግ፥ በእጅና በእግር የቆመ ነው። አንድ ሸማኔ መወርወሪያውን ሲወረውር ጥጥ ሻጩ፥ ፈታዪቱ፥ ልብስ ሰፊውና ባለሱቁ አብረውት ያድራሉ። ከሸማው የሚገኘው ገንዘብም ከሰፈሩ ብዙ ሳይርቅ ተመልሶ ለእህልና ለቤት ኪራይ ይውላል።

ይህ ኑሮ ዛሬ ተፈትኖአል። የጥበብ መልክ በማሽን የታተመበት የባሕር ማዶ ጨርቅ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ በርካሽ ይሸጣል። ገንዘቧ ያነሰ እናት ለልጇ የዓመት በዓል ልብስ ከርካሹ ብትገዛ አትነቀፍም። ጥፋቱ የታተመውን ጨርቅ «የእጅ ሥራ ነው» ብሎ መሸጡ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ገዢው ይታለላል፤ ሳምንት ሙሉ ጕድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ የሸመነውም ሰው የድካሙን ዋጋ ያጣል።

የወደቡን ዕድል የወሰነው ትናንት የነበረ ኃይል ነው፤ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚሰቀለውን ግን የሚወስነው የዛሬው ነጋዴ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ሦስት ነገር ሊያደርግ ይችላል። አንደኛ፥ የእጅ ሸማውንና የታተመውን ጨርቅ ለይቶ፥ ስሙን በግልጽ ጽፎ ይሽጥ። ሁለተኛ፥ ክር በሚወደድበት ወራት ለሸማኔው በዱቤ ይስጥ፤ ዕዳውንም በሸማ ይቀበል። ሦስተኛ፥ ለበዓል የሚፈልገውን አስቀድሞ ይዘዝ፤ ሸማኔው በችግር ቀን ሥራውን በወረደ ዋጋ እንዳይጥል።

ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ንግድ ነው። የሽሮ ሜዳ መሸመኛ ቢቆም ሸማኔው ብቻውን አይጎዳም፤ ከእርሱ እጅ ይሸምት የነበረው ባለሱቅም ደንበኛውን ያጣል።