ልቡ የደለቀ ሁሉ ጂን ይዞት አይደለም



መስጂድ ሲገባ ሁሌም የመጨረሻው ሶፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ የሚቆም ወጣት በመካከላችን አለ። «ሶላት ላይ ሳለሁ ቢነሳብኝስ?» ብሎ ስለሚሰጋ ነው። በዚሁ ፍርሃት ታክሲ መሳፈር ያቆመች እህትም አለች። ልብ በድንገት ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ «መሞቴ ነው» ያሰኛል። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከበረታ በኋላ ይረግባል። ይህ ሲደጋገምና «ዳግም ይመጣብኝ ይሆን?» የሚለው ስጋት ኑሮን ሲያውክ ሐኪሞች ፓኒክ ዲስኦርደር ይሉታል።

በየሰፈሩ ግን «ጂን ነው»፣ «ኢማኑ ደክሞ ነው» ይባላል። በጂን መኖር እናምናለን፤ ሩቅያም ሸሪዓዊ ነው። ያለ ምርመራ ሁሉንም በጂን ማሳበብ ግን ወንድማችንን በሕመሙ ላይ ሐፍረት መጨመር ነው።

ሰውነት አደጋ ሲያይ አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ለመሸሽ ወይም ለመታገል ያዘጋጀናል። በዚህ ሕመም ግን አደጋ ሳይኖር ደወሉ ይጮሃል። የቤተሰብ ተጋላጭነት፣ የቆየ ጭንቀት፣ ሐዘን ምክንያት ይሆናሉ። ብዙ ቡና ያባብሰዋል። ጫትም እንዲሁ፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ልብን የሚያስሮጥ አነቃቂ ነው። «ጭንቀቴን ያስረሳኛል» ብሎ የሚቅም በእሳት ላይ ቤንዚን እያርከፈከፈ ነው።

አልሐምዱሊላህ፣ ሕክምና አለው። መጀመሪያ ልብና የታይሮይድ ዕጢ ይመርመሩ፤ ምልክታቸው ይመሳሰላልና። ከዚያ የሥነ ልቦና ባለሙያ ታማሚው የሰውነቱን ምልክት በትክክል እንዲረዳ፣ ወደሸሸው ቦታም ቀስ በቀስ እንዲመለስ ያግዘዋል። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘ፣ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃልና መታገስ ያስፈልጋል፤ ያለ ሐኪም ምክርም አይቋረጥም። ሲነሳ ደግሞ ትንፋሽን በዝግታ ስቦ ከዚያም በዘገየ መልኩ ማስወጣት ይረዳል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል፤ ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ከ1000 ዓመት በፊት ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፉት መጽሐፍ ፍርሃትንና ድንጋጤን ሊታከሙ ከሚገባቸው የነፍስ ሕመሞች ቆጥረዋል።

ስለዚህ ቁርኣን የምትቀሩላቸው ወንድሞች ሆይ፣ «መድኃኒቱን ጣል» አትበሉ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን አትደብቁ። የታመምክ ወንድም፣ የታመምሽ እህት፣ ዱዓና ዚክሩን ያዙ፤ ሐኪም ቤትም ሂዱ።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን። ኣሚን!